በጎንደር መነጽር የሚወልቅበት ሰከንድ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ስለሚሆነው የፀሐይ ግርዶሽ

ስለዚህ ግርዶሽ ሲወራ «ሙሉ ግርዶሽ» የሚለው ቃል ከአፍ አይጠፋም። ቃሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለጎንደር አይደለም። በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ መነጽር አውልቆ በባዶ ዓይን ማየት የሚቻልባቸው ጥቂት ደቂቃዎች አሉ። ይህ ምክር ለግብፅዋ ሉክሶርና ለሳውዲዋ ጅዳ ሰው እውነት ሲሆን፣ በጎንደር የሚከተለው ግን ዓይኑን ያጣል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ምክሩ ተገልብጦ እዚህ እንዳይደርስ ነው።

የጨረቃ ጥላ በዚያ ቀን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በደቡብ ስፔን በኩል አድርጎ ሰሜን አፍሪካን ያቋርጣል። ከዚያ በግብፅ፣ በሱዳን ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ በሳውዲ ዓረቢያና በየመን አድርጎ በሶማሊያ ሰሜናዊ ጫፍ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣል። የጥላው ስፋት 258 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ እጅግ የሚረዝምበት ቦታ 6 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ይደርሳል። ጎንደር ግን ከጥላው መሐል መስመር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ትርቃለች። ስለዚህ እኛ የምናየው ከፊል ግርዶሽ ነው፤ ጨረቃ ከፀሐይዋ ገጽ ሦስት አራተኛውን ያህል ትሸፍናለች፣ ሩቡ ይቀራል።

ለጎንደር ያሰላነው ሰዓት እንዲህ ነው። ዕለቱ ሰኞ ነው። ጨረቃ የፀሐይን ጠርዝ መንካት የምትጀምረው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ገደማ ነው። ከፍተኛው የሚሆነው በ7 ሰዓት ከ38፣ ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ ነጻ የምትወጣው ደግሞ ለ9 ሰዓት 5 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ሁሉም ሲደመር ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። በምሳ ሰዓት ገደማ ይጀምርና ሰው ወደ ሥራ ከተመለሰ በኋላ ይጠናቀቃል፤ ለመሥሪያ ቤት ሰው የማይመች፣ ለሰፈር መናፈሻ ግን የተመቸ ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ሩቡ ብቻ ከቀረ ብርሃኑም ደካማ ይሆናል የሚል ሐሳብ ነው። በጠቅላላው ወደ ምድር የሚደርሰው ብርሃን በእርግጥ ወደ ሩብ ይወርዳል። የቀረው ሩብ ግን እያንዳንዷ ነጥቡ እንደ ወትሮው ነው፤ ብርታቱ አልቀነሰም። ዓይን ውስጥ ገብቶ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ጀርባ ሽፋን) ላይ ሲያርፍ የሚያቃጥለው ቦታ ቅርጹ ማጭድ ይሆናል እንጂ ቃጠሎው ያው ነው። እንዲያውም ይብሳል ማለት ይቻላል፤ ቀኑ ሲደበዝዝ ብሌን ይሰፋል፣ ቀና ብሎ ማየቱም አያስጨንቅም። ሬቲና ሕመም የሚያሳውቅ ነርቭ የለውም። ልጁ ምንም ሳይሰማው አይቶ ይገባና በማግስቱ ጠዋት ሲያነብ መሐል ላይ ጥቁር ነጥብ ያያል፣ ወይም ቀጥ ያለው መስመር ይጣመምበታል። ለዚህ ጉዳት ያለ ጥርጥር ያድናል የሚባል ሕክምና የለም። ምልክቱ የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ስለ መነጽሩ። የግርዶሽ መነጽር ማለት አይ ኤስ ኦ 12312-2 የሚባለውን መለኪያ ያሟላ ነው። መለኪያው የሚፈቅደው ከ100,000 የብርሃን እጅ 3 ገደማ ብቻ እንዲያልፍ ነው። ቁጥሩን ይያዙት፤ ሌላውን ሁሉ የምንመዝነው በእሱ ነው። የመለኪያው ስም መነጽሩ ላይ መታተሙ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ማንም ያትመዋል። ፈተናው እንዲህ ነው፦ መነጽሩን ቤት ውስጥ አድርጉና ወደ በራ አምፖል ተመልከቱ። ምንም መታየት የለበትም፤ የስልክ ባትሪ በቅርብ ሲበራ ብቻ እጅግ የደበዘዘ ነጥብ ቢታይ ይፈቀዳል። የክፍሉ ዕቃ ከታየ ጣሉት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበታዊ ግርዶሽ ሲታይ የተገዙ መነጽሮች በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይገኛሉ። ዕድሜያቸው ብቻውን አያስጥላቸውም፤ የታጠፈ፣ የተፋቀ ወይም ከካርቶኑ የተላቀቀ ግን ዋጋ የለውም። አምፖል ፊት ያዙትና ፊልሙን በደንብ አስተውሉ፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየች አበቃ።

የበያጅ መስታወትም ይጠየቃል። ቁጥር 14 የሆነው ይበቃል። ለተራ ብየዳ የሚያገለግለው 10 ወይም 11 ግን ብዙ እጥፍ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሁለቱን ደራርቦ መገመትም አይገባም። ቁጥሩ ጥግ ላይ ካልተጻፈ አታንሱት።

ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ አይሆንም። የራጅ ፊልም፣ በኩራዝ ጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ የፎቶ ፊልም፣ ሲዲ፣ የፀሐይ መነጽር፦ እነዚህ የሚታየውን ብርሃን ሊያጠቁሩት ይችላሉ፤ የማይታየውን ጨረር ግን እንደልቡ ሊያሳልፉት ይችላሉ። ሰው «አልበረቀብኝም» ብሎ ረጅም ጊዜ የሚያይባቸው በመሆናቸው ከባዶ ዓይን የሚከፉበት ጊዜ አለ።

የባልዲ ውሃን ለብቻው እናንሣው፣ ምክንያቱም ከአያት የተወረሰ ዘዴ ስለሆነ ሰው በቀላሉ አይተወውም። ውሃ ቀጥ ብሎ ከላይ ከሚወርድበት ብርሃን 2 በመቶ ያህሉን ያንጸባርቃል። ትንሽ ይመስላል። በእኛ ቁጥር ግን ከ100,000 እጅ 2,000 ማለት ነው፤ መነጽሩ የሚያሳልፈው 3 ነው። ከስድስት መቶ እጥፍ በላይ! ውሃው ላይ ቀለም ወይም ዘይት መጨመሩም የላዩን ነጸብራቅ አያጠፋውም። በዚያ ላይ ግርዶሹ ሲሆን ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን፣ ባልዲ ላይ ጎንበስ ያለ ልጅ በቀጥታ የሚያያት ውሃው ውስጥ ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች ያልነው ለአነጋገር አይደለም። በዚያ ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከጎንደር ሰማይ አናት ወደ ሰሜን 5 ዲግሪ ብቻ ታዘነብላለች። በከፍተኛው ሰዓት ወደ ምዕራብ ትንሽ ብታጋድልም ከአድማስ ከ70 ዲግሪ በላይ ትሆናለች። ቆሞ ቀና ብሎ ማየት አንገት ይሰብራል፣ ራስም ያዞራል፤ ሽማግሌ ይወድቃል። ስለዚህ ሰሌን ወይም ጀንዲ ይነጠፍ። ራስን ወደ ሰሜን አድርጎ በጀርባ መተኛት ነው የሚሻለው። መነጽር ካጠለቁ በኋላ እንዲያ ሲታይ ምዕራብ በቀኝ፣ ምሥራቅ በግራ ይውላል። ጨረቃ የምትገባው በቀኝ በኩል ከላይኛው ጠርዝ ነው። በ7 ሰዓት ከ38 ላይ ወደ ግራ ላይኛው ጎን ገፍታ ትታያለች፤ የቀረው ብርሃን በቀኝ በኩል ወደ ታች የተኛ ማጭድ ይሆናል። የምትወጣው በግራ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ሆኖም ቅደም ተከተል አለው። አጎንብሶ መነጽሩን ማጥለቅ፣ ከዚያ ቀና ማለት፣ ጥቂት ሰከንድ ማየት፣ አጎንብሶ ማውለቅ። ቀና እንዳሉ የሚያወልቁ ሕፃናት አሉ፤ ከትንንሾቹ ጎን አዋቂ ይኑር። የንባብ መነጽር ያለው ሰው የግርዶሹን ከላዩ ላይ ይደርበዋል። ነገሩ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያልፍ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መነጽር አያስፈልግም። ለአራት ሰው አንድ ቢደርስ በቂ ነው፤ በየአምስት ደቂቃው አንዴ ካዩ የሚያመልጥ ነገር የለም።

በሁለት ዓይን መነጽር (ባይኖኩላር) ወይም በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት የሚፈልግ ሰው ማጣሪያው ከፊት፣ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል መታሰር እንዳለበት ይወቅ። የካርቶን መነጽር ዓይኑ ላይ አድርጎ በሁለት ዓይን መነጽር ማየት እጅግ አደገኛ ነው፤ የተሰበሰበው ሙቀት ፊልሙን በቅጽበት ይበሳዋል።

አሁን ወደምንወደው ክፍል እንምጣ፤ መነጽር ሳይገዛ አንድ ሰፈር ሙሉ ወደሚያይበት።

መነሻው አንድ ሕግ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ያለፈ የፀሐይ ብርሃን ነጭ ነገር ላይ ሲያርፍ የፀሐይን ምስል ይሠራል፤ የምስሉ ስፋት ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ያለው ርቀት ለ109 ሲካፈል የሚገኘው ነው። አንድ ሜትር ላይ 9 ሚሊ ሜትር፣ አምስት ሜትር ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ቀዳዳው ሲሰፋ ምስሉ ይደምቃል፤ ጥራቱ ግን ይቀንሳል፣ ጠርዙ ይፍታታል። ለአንድ ሜትር 1 ሚሊ ሜትር፣ ለአምስት ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ይበጃል። የምግብ መጠቅለያ ፎይል ካርቶን ላይ ለጥፎ በመርፌ መብሳት ነው። ካርቶኑን ብቻ የሚበሱ ሰዎች ቀዳዳው ጭራ ጭራ ይልባቸዋል፣ ምስሉም ይበላሻል።

ፀሐይ አናት ላይ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሁለት ሜትር የሚረዝም የፕላስቲክ ቱቦ ወይም የምንጣፍ መጠቅለያ ካርቶን ወስዶ ላዩን በተበሳ ፎይል፣ ታቹን በነጭ ወረቀት መድፈን። ከታች ሁለት ጣት ከፍ ብሎ መዳፍ የሚያህል መስኮት መቅደድ። ቱቦውን እንደ ምሰሶ ማቆምና ጥላው መሬት ላይ እጅግ እስኪያንስ ድረስ ማዘንበል። ምስሉ በመስኮቱ ይታያል፤ 18 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ምስል ካልመጣ ቀዳዳውን አታስፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ቱቦው ወደ ፀሐይ አለመቅናቱ ነው። ምስሉ የተገለበጠ ስለሆነ ማጭዱ በተቃራኒው ሲታይ አይግረማችሁ።

የፓስታ ማጥለያ ደግሞ ምንም ሥራ አይጠይቅም። መሬት ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ መያዝ ነው፤ በያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ማጭድ ይወርዳል። ወንፊት ግን አይሠራም፤ ቀዳዳዎቹ ከመቀራረባቸው የተነሣ ምስሎቹ እርስ በርስ ይደራረቡና አይለዩም። (የእንጀራ ዓይን ለምን አይሆንም ላላችሁ፦ ዓይኑ እታች ድረስ አይዘልቅም።) ዛፍም ይሠራል። እንደ ከተማችን የጃንተከል ዋርካ ያለ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል በመካከሉ በሚተወው ክፍተት ብርሃን ሲያልፍ ጥላው ውስጥ ማጭድ በማጭድ ይሆናል። ከአሥር ሜትር ከፍታ የሚወርደው እያንዳንዱ 9 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ሐምሌ ነውና ነጎድጓድ ከተሰማ ከዛፍ ሥር መውጣት ነው፤ ማጭዱ ይቅር።

ለመናፈሻ ግን ምርጡ መስታወትና የዕድር ድንኳን ነው። ድንኳኑ ጨለማ ይሰጣል፣ ዝናብም ያስጥላል፤ አግዳሚ ወንበሩም አብሮት ይመጣል። በጀርባው ግድግዳ ነጭ አንሶላ ይወጠር። ከድንኳኑ አፍ ወደ ውጭ፣ ከአንሶላው 15 ሜትር ያህል ርቆ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ፣ ጠረጴዛ ላይ አሸዋ የሞላ ሳህን ይቀመጥ። የእጅ መስታወት በጥቁር ካርቶን ተሸፍኖ መሐሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ይቀደድለት፤ አሸዋው ውስጥ ተተክሎ ጨረሩ ወደ አንሶላው እንዲመለስ ይጋደል። አንሶላው ላይ 14 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ፀሐይ ይወጣል፤ መቶ ሰው ተቀምጦ ያየዋል። የቀዳዳው ቅርጽ አራት ማዕዘን ቢሆንም ግድ የለም፣ በዚህ ርቀት ምስሉ ክብ ነው። መስታወቱ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ የመላጫ አጉሊ መስታወት አይሆንም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ፀሐይ በሁለት ደቂቃ የራሷን ስፋት ያህል ትጓዛለች፤ ምስሉም አብሯት አንሶላው ላይ ይሄዳል። መስታወቱን በየሁለት ደቂቃው በስሱ የሚያስተካክል አንድ ታጋሽ ሰው ያስፈልጋል፤ አሸዋ የመረጥነውም ለዚሁ ነው፣ ድንጋይ ሲደገፍ ይንሸራተታል። ሁለተኛ፣ በጨረሩ መንገድ ላይ ቆሞ ወደ መስታወቱ የዞረ ሰው ፀሐይን ራሷን እያየ ነው። ስለዚህ ጨረሩ ከተቀመጠው ሰው ራስ በላይ እንዲያልፍ ምስሉ ከመሬት ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ይረፍ፤ በጠረጴዛውና በድንኳኑ መካከልም ገመድ ይከለል።

ሰማዩስ? ሐምሌ ነው፤ ደመናው ይገባናል። ጠዋት ጠርቶ ከቀትር በኋላ የሚዳምነው የጎንደር ክረምት በተለይ ለሁለተኛው አጋማሽ ያሰጋል። ሆኖም ከፊል ግርዶሽ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ስለሚቆይ በመሐል ክፍተት የማግኘት ዕድል አለ። በደቂቃዎች ከሚያልቅ ሙሉ ግርዶሽ የሚሻልበት ምናልባት በዚህ ብቻ ነው። ከ6 ሰዓት ጀምሮ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ እንጂ «በከፍተኛው ሰዓት እደርሳለሁ» ማለት አያዋጣም። ስስ ደመና ሸፍኗት ፀሐይ እንደ ጨረቃ ስትነጣ ያለ መነጽር ማየት ግን አይፈቀድም፤ ደመናው ድንገት ሲሳሳ ዓይን አይቀድመውም።

ቀኑ ይጨልማል ብሎ የሚጠብቅም ያዝናል። ሰኔ 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ክር የቀጠነች ቀለበት ሆና እንኳ ቀኑ አልመሸም። በእኛ ዘንድ ሩቡ ስለሚቀር ቀኑ ስስ ደመና የጣለበት ያህል ቢደበዝዝ ነው፤ አየሩ በመጠኑ ይቀዘቅዛል፣ ጥላ በአንድ በኩል ጠርዙ ይሰላል። ስልካቸው ላይ የብርሃን መለኪያ ያላቸው ወጣቶች ቁጥሩን በየአሥር ደቂቃው ቢመዘግቡ ዓይን የማያስተውለውን ያገኙታል። ከዚህ ያለፈ የተለየ ጨረር የለም። ነፍሰ ጡርን ቤት መዝጋት፣ ምግብ መድፋት፣ ውሃ መክደን አያስፈልግም፤ አደጋው ለዓይን ነው፣ ለዓይንም ቀና ላለ ብቻ። የባጃጅ ሾፌሮች ግን አንድ እጃቸውን መሪ ላይ አድርገው ቀና እንዳይሉ አደራ።

ዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው ይህ ነው። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ መምህር ለልጆች የሚነግርበት መድረክ የለም። ስለዚህ የጎንደሩ ሰዓትና የመነጽሩ ፈተና ሰኔ ሳይወጣ፣ ክፍል ሳይበተን ይታተም። ቀበሌዎችም መናፈሻቸውን በዚያ ሰኞ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ክፍት ያድርጉ፤ የዕድር ዳኞችን ስለ ድንኳኑ ቀድመው ያነጋግሩ፣ ለቅሶ ካልገጠመ የሚከለክል አይኖርም። ዕለቱ የአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን መታሰቢያ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ብዙ ይሆናል። ብርሃን ገላጩ በሚታሰቡበት ቀን ፀሐይ መጋረዷን የሚያነሣ ሰባኪ ካለ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ መነጽሩ ቢጨምርልን እናመሰግናለን።

ዘመድ ጥየቃ ወይም ለሥራ በዚያ ቀን ጅዳ የሚገኝ የጎንደር ሰው ካለ፣ ለእሱ ነገሩ ይለያል። የመጨረሻዋ የብርሃን ነጥብ ጠፍታ በመነጽሩ ምንም የማይታይ ሲሆን ያወልቃል፤ በጠቆረችው ጨረቃ ዙሪያ ነጭ አክሊል ያያል። በአንድ ጠርዝ ብርሃን ብልጭ ሲል ወዲያው ይመልሳል። ይህን መመሪያ ወደ ቤት ደውሎ እንዳያስተላልፍ ብቻ።

መነጽሮቹን ሳታጥፉ በፖስታ አድርጉና መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጧቸው። መጋቢት 11 ቀን 2026 ዓ.ም. ሌላ ሙሉ ግርዶሽ በቻድ፣ በሱዳንና በግብፅ ያልፋል፤ ለጎንደር አሁንም ከፊል ነው። መጋቢት ግን በጋ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የፊዚክስ መምህራን፣ ከጎንደር